ዝና በተራ

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። የእኔዋ በቅሎ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያሳፍራት ጊዜ አልፎላት ነበር። ጠያቂ ቢመጣባት "ኢንተርኔት ላይ ግቡና እዩኝ" ብላ ማለፍ ትችል ነበር። የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። በገበያ ተጠየቅሁ፣ በለቅሶ ቤት ተጠየቅሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሳይቀር ተጠየቅሁ። ያን ጊዜ ዝም አልሁ። አሁን ነገሩ ስለ በረደ፣ የሰማችሁትን ሁሉ ትታችሁ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ደባርቅን ለማታውቁ፣ ከተማችን የስሜን ተራሮች ደጃፍ ናት። ፈረንጅ ተራራውን ሊያይ ይመጣል፣ በቅሎ ይከራያል፣ ብርድ ይመታዋል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። በቅሎ ያለን ሰዎች ማኅበር አለን፤ ሥራው በተራ ነው። የአንዱ በቅሎ ከወጣች ቀጥሎ የሌላው ትወጣለች፤ ዞሮ እስኪደርሰው ሁሉም ይጠብቃል። ተራ ባይኖር ኖሮ ጉልበት ያለውና እንግሊዝኛ የሚሞክረው ሁሉን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ በቅሎዋን ገብስ እያበላች ትቀመጣለች። ባለቤቴ ሲያርፍ ሁለት ነገር ትቶልኛል፤ አንዲት በቅሎና በማኅበሩ ውስጥ ያለውን ተራ። ከሁለቱ የሚበልጠው ተራው ነው። በቅሎ ብትሞት ሌላ በቅሎ ይገዛል። ተራ ከሄደ የሚሸጥበት ገበያ የለም።

በቅሎዋ ቦራ ትባላለች። ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ስላላት ነው፤ ባለቤቴ ስም በማውጣት ብዙ የሚደክም ሰው አልነበረም። መልኳ ያምራል፣ እግሯ ደህና ነው። አንድ ጠባይ ግን አላት፤ ትቆማለች። መንገድ ላይ ደህና ስትሄድ ቆይታ፣ ምክንያቱ ለማንም ሳይነገር፣ ቀጥ ትላለች። ቢጎትቷትም ቢለምኗትም አትነቃነቅም። ከዚያ ደስ ሲላት ትሄዳለች። ባለቤቴ "ተዋት፣ ጸሎት ላይ ናት" ይል ነበር። ነጂዋ ደሳለኝ፣ ከባለቤቴ ዘመን ጀምሮ አብሯት የሚወጣ የልጆች አባት፣ ሌላ ነገር ይላት ነበር፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

አንድ ጊዜ ተራችን ደርሶ ቦራ አንዲት ፈረንጅ ሴት ይዛ ወጣች። ጨነቅ ከሚባለው የተራራ ሰፈር ሊደርሱ ሲሉ ጉም ወረደባቸው። ቦራ ቆመች። ደሳለኝ ሳባት፣ ገፋት፣ ያንን የማልጽፈውን አላት፤ እምቢ አለች። ጉሙ ሲገለጥ ከፊት ገደል ታየ። እዚህ ላይ የስሜንን ሰው ምስክር እጠራለሁ፤ በእኛ አገር ጉም በተገለጠ ቁጥር ገደል አለ። ያም ገደል ከመንገዱ ደህና አድርጎ የራቀ ነበር። ሴትዮዋ ግን ወርዳ የቦራን አንገት አቅፋ አለቀሰች፤ ፎቶም አብራት ተነሳች።

"እትዬ፣ ፈረንጇ በቅሏችንን ስማት አለቀሰች" አለኝ ደሳለኝ ሲመለስ።

"ቦራስ ምን አለች?"

"ቦራማ እንደ ቆመች ናት።"

ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከድር ሱቁን ትቶ ቤቴ ድረስ መጣ። ከድር የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ሱቁን ሲያወርሱት ጨርቁን ወደ ጥግ ገፍቶ ኢንተርኔት ቤት አደረገው። በዚያ ዘመን ከተማችንን ኢንተርኔት ይዟት ነበር። የያዛት በስም ነው፤ ኔትወርኩ ራሱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። "ዶት ኮም" የሚባል የወንዶች ፀጉር ቤት ተከፍቶ ነበር። ውስጡ አንድ መቀስ፣ አንድ መስታወትና አንድ ጸጉር ቆራጭ እንጂ ሌላ ነገር የለም። "ኦንላይን ሥጋ ቤት" የሚልም ነበረ፤ ሥጋው እንደ ድሮው መንጠቆ ላይ ተሰቅሎ ዝንብ ይጎበኘዋል። ሰዎቹን አልወቅስም። ዘመን ሲመጣ ሰው ቢያንስ በሰሌዳው ላይ ሊቀበለው ይገባል።

"እትዬ፣ በቅሎዎ ኢንተርኔት ላይ ወጥታለች" አለኝ ከድር።

"እሷ ጓሮ ታስራለች" አልሁት።

ወስዶ አሳየኝ። እውነትም ቦራ ናት፤ ከጀርባዋ ጉም፣ ከፊቷ ያቺ ሴት። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ ተማርሁ እንግሊዝኛውን በዝግታ አነበብሁት። ይህች በቅሎ ሕይወቴን አድናለች፣ ገደሉን ከሰው በፊት አይታ ቆማለች፣ ወደ ስሜን ከሄዳችሁ ቦራን ጠይቁ ይላል።

"ይህን ስንት ሰው አይቶታል?" አልሁት።

"ዓለም ነዋ፣ እትዬ።"

"ዓለም ሥራ የለውም እንዴ?"

ከድር ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ባሌንና ነጂዬን ሲያማርር የኖረ ጠባይ፣ ባሕር ተሻግሮ ጥበብ ሆኖ ተመለሰ። እኔም በሕይወቴ ብዙ ጊዜ በሰው ፊት ዝም ብዬ ቆሜአለሁ፤ አንድም ሰው ጽፎልኝ አያውቅም።

ከዚያ እንግዶቹ መምጣት ጀመሩ። የማኅበራችን ሊቀመንበር አያ ዋሴ እንደ ልማዳቸው ጠዋት የማኅበሩ ግቢ መሐል ቆመው የባለተራውን ስም ይጠራሉ። የዚያን ጊዜ ባለተራ መምሬ አድማሱ ነበሩ። አስጎብኚው ሲሳይ እንግዶቹን ይዞ መጣና "ቡክ ያደረጉት ቦራን ነው" አለ።

"ቦራ ተራዋ አይደለም" አሉ አያ ዋሴ።

"የሴትዮዋን ሪቪው አይተው ነው የመጡት እኮ።"

"ሪቪውን አላውቀውም። ተራውን አውቀዋለሁ። የመምሬ በቅሎ ናት።"

ሲሳይ ተረጎመ። እንግዶቹ ተማከሩና መልሱን አመጣ፤ "እንጠብቃለን ብለዋል።"

እንዳሉትም ጠበቁ። ቀጥለው የመጡትም ጠበቁ። ሆቴሎች ደስ አላቸው። የእኛ ተራ ግን መምሬ አድማሱ ላይ ደርሶ፣ እዚያው እንደ ተቸነከረ ቀረ። መምሬ በየማለዳው በቅሏቸውን ጭነው ግቢው በር ላይ ይቆማሉ፤ ፈረንጅ ያልፋል፣ የቦራን ፎቶ ያያል፣ በቅሏቸውን ያያል፣ አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል። መምሬ ታጋሽ ሰው ናቸው። ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ግን በመጽሐፍ ይናገራሉ።

"የፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ የተባለው ዛሬ ተፈጸመ፤ ግን በበቅሎ ይጀምራል ብዬ አላሰብሁም" አሉኝ አንድ ቀን፣ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ።

ስብሰባ ተጠራ። ከባህር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ጫፍ ላይ ያዝሁ። አንዱ ተነስቶ በቅሎዋ ትባረር አለ። ሌላው ኢንተርኔቱ ይከሰስ አለ። ሦስተኛው ከሁሉ የተሻለ ሐሳብ ነበረው፤ ፈረንጇ ተጽፎላት ቃሏን ታንሳ አለ። ለዚህ ጉዳይ ከድር በባለሙያነት ተጠርቶ ነበር።

"ማውረድ ይቻላል ወይ?" ብለው ጠየቁት አያ ዋሴ።

"አይቻልም፣ አያ። አንዴ ከወጣ አይወርድም።"

"እኛ ዛፍ የወጣ ሁሉ ሲወርድ ነው የምናውቀው።"

"ይሄ ዛፍ አይደለም።"

አያ ዋሴ ጢማቸውን እያሻሹ ተነሱ። ብዙ ያልተማሩ፣ ግን ነገር የሚያዋቅሩ ሰው ናቸው። ቀጥሎ የተናገሩትን ነገር እስከ ዛሬ አንድ ቃል ሳላጎድል አስታውሰዋለሁ።

"እስቲ እንጠያየቅ። መንገዱ የማን ነው? የጋራ። ገደሉስ? የጋራ። ጉሙንስ እትዬ ናቸው ከቤታቸው ያመጡት? እሱም የጋራ ነው። እንግዲህ በጋራ መንገድ፣ በጋራ ጉም፣ በጋራ ገደል የተገኘ ዝና እንዴት የአንድ ሰው ይሆናል? ዝናውም በተራ ይሁን።"

ግቢው በማጉረምረም ጸደቀ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ተራው የደረሰ በቅሎ ሁሉ ለዚያ ጉዞ ቦራ ይባላል። እኔ እምቢ ካልሁ በቅሎዬን ይዤ ከማኅበሩ እወጣለሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስሟን ይውሰዱት፤ ስም ገብስ አይበላ። ተራዬን ብቻ አይንኩብኝ።

ስም መስጠት ቀላል ነው፤ ግንባር መስጠት ግን ሥራ ይጠይቃል። ፈረንጅ ፎቶ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ፎቶው ላይ ደግሞ ነጭ ምልክት አለ። በዚያ ሰሞን የገበያው ኖራ አለቀ። ኖራ ያጣ ዱቄት አቡክቶ ቀባ፤ የዱቄቱን በቅሎዎቹ ሲላላሱት ስለ ዋሉ ተከለከለ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነጭ ግንባር የሌላት በቅሎ ከዳባት እስከ ዛሪማ ማግኘት የማይቻል ሆነ። ግራጫ ቦራ መጣች፣ ጥቁር ቦራ መጣች፣ ጺማም ሽማግሌ ቦራ መጣች። አንዱ አባል ወንዱን ቦራ ብሎ አቀረበና፣ ሲሳይ ለእንግዶቹ ምን ብሎ እንደ ተረጎመው እግዚአብሔር ይወቅ። የእኔዋ ጓሮ ታስራ ገብሷን ትበላለች። ቀኑ ሲደርስ እሷም በተራዋ ቦራ ሆና ወጥታ ተመለሰች፤ እንግዶቹ ከሌሎቹ ያነሰች አድርገው ቆጠሯት አሉ። ግንባሯ እንደ ኖራው አይነጣማ።

በመጨረሻ የተጠበቀው ሆነ፤ ተራራው ላይ፣ ሳንቃበር ሰፈር፣ ዝናብ ዘነበ። ኖራው በበቅሎዎቹ አፍንጫ ላይ ወረደ። ከድር እንደገና ቤቴ መጥቶ አዲሱን ጽሑፍ አነበበልኝ። "በደባርቅ በቅሎ ሁሉ ቦራ ይባላል፤ ዝናብ ሲመጣ ግን አንዷም ቦራ አይደለችም" ይላል። በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊውን አላማሁትም።

ዋናው በሽታ ግን ይህ አልነበረም። ከሩቅ ከተማ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ሰው መጣ፤ ከእሱ ጋር አንድ ረጅም ፈረንጅ አለ። ሰውየው ኮቱን ሳያወልቅ ግቢያችን መሐል ቆሞ ነገሩን ግልጽ አደረገው። እውነተኛዋ ቦራ ተለይታ ካልቀረበች፣ ድርጅቱ የራሱን በቅሎዎች በመኪና ጭኖ ያመጣል፤ እንግዳው በኢንተርኔት መርጦ ይከፍላል፤ ተራ የሚባል ነገር ይቀራል። ከተገኘች ግን ከማኅበሩ ጋር መሥራቱን ይቀጥላል፤ ቦራን ብቻ በውል ይይዛታል፣ እሷ ከተራ ትወጣለች፣ ሌላው በተራው ይሠራል።

ከተራ ትወጣለች ሲል የሰዉ ዓይን በራ። ውሉ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ በረከት ሆኖ ታየው። እኔ ግን ሒሳቡን ሠራሁት። ቦራ ካልተገኘች የሁላችንም ተራ ይጠፋል። ከተገኘች የእኔ ብቻ ይጠፋል። ዛሬ በውል ይወስዷታል፤ ነገ ፈረንጅ ሌላ የሚወደው ነገር ያገኛል፣ ዝንጀሮ ይሆናል ቀበሮ። ያን ጊዜ ወደ ተራዬ የሚመልሰኝ ማን ነው? በቅሎዬ ገመዷን በጠሰች ቢለው ለራሷ አሳጠረች አለው የተባለው ለእኔ ነው የተነገረው።

ከኖራው በኋላ ቃላችንን የሚያምን ስለሌለ፣ ፈረንጁ የራሱ መለያ ዘዴ ነበረው። እውነተኛዋ ቦራ ጠቢብ ናት፣ አደጋ ስታይ ትቆማለች አለ። ሜዳው ጫፍ ላይ ለውሃ የተቆፈረ ቦይ አለ። በቅሎዎቹ ሁሉ ወደ ቦዩ ይነዱ፣ ሳይነኳት ቀድማ የቆመች ቦራ ናት ተባለ።

የዚያን ቀን ያየሁትን ሌላ ጊዜ አላየሁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ እንድትሄድ ሲደበድቡ የኖሩ ሰዎች፣ እንድትቆም ሲለማመጡ ዋሉ። አንዱ "ነይ" በሚል ድምፅ "ቁሚ" ይላል። አንዱ ልጓሙን ይዞ ተረከዙን መሬት ውስጥ ተክሎ ወደ ኋላ ተንጋሏል፤ ፈረንጁ ሲዞር ቀና ብሎ አየር እንደሚቀበል ሰው ይሆናል። በቅሎዎቹ ግን፣ የበቅሎ ነገር፣ እንዲቆሙ መፈለጉን ሲያውቁ ሄዱ። እየጎተቷቸው ሄዱ። ቦዩን ዘለው ማዶ ተሻገሩ፤ ባለቤቶቹም አብረው ተሻገሩ።

ደሳለኝ የቦራን ገመድ ይዞ አጠገቤ ቆሟል። "እትዬ፣ ምን ላድርግ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምንም አታድርግ። ገመዱን ልቀቀው።"

"ከቆመችስ?"

"ከቆመች ቆመች።"

ለቀቃት። ቦራ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሄደች። ሳትቸኩል፣ ሳታመነታ፣ ቦዩን እንደ ደጃፍ ተሻግራ ማዶ ያለውን ሣር ትነጭ ጀመር። ማንም ስላልጎተታት ይሆን፣ ሣሩ ስለ አማራት ይሆን፣ እኔ አላውቅም። የድርጅቱ ሰው አያት፤ "ይቺ አይደለችም" አለ።

የቀረችው የመምሬ አድማሱ በቅሎ ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቄስ በበቅሎ ሲሄድ መንገደኛው ጎንበስ ብሎ መስቀል ይሳለማል። ስለዚህ የቄስ በቅሎ ሰው ፊቷ ጎንበስ ሲል ካየች ራሷ ትቆማለች፤ እስኪሳለም ጠብቃ ትሄዳለች። ይህን የእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ፈረንጁ ግን አያውቅም። የመምሬ በቅሎ ወደ ቦዩ ስትመጣ፣ እሱ ፎቶ ሊያነሳት ከፊቷ ጎንበስ አለ። በቅሎዋ ቀጥ አለች። ቀና ሲል መንገዷን ልትቀጥል አንድ እግሯን አነሳች። እሱ እንደገና ጎንበስ አለ። እግሯን መለሰች።

"ቦራ" አለ ፈረንጁ፣ ድምፁ ተለውጦ።

መምሬ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው የሚሳለም ሰው ይፈልጉ ነበር። የድርጅቱ ሰው ስልኩን አወጣና ይጽፍ ጀመር። አያ ዋሴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"እትዬ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

ሁሉም አየኝ። ደሳለኝም አየኝ። ቦራ ማዶ ሆና ሣር ትነጫለች፤ እውነተኛው ነጭ ምልክት ከፀሐዩ ጋር ያበራል።

"እንግዳው አውቋት የለ" አልሁ። "እኔ ምን እጨምራለሁ።"

አያ ዋሴ "ተገኘች" ብለው ለተሰበሰበው ሁሉ አሳወቁ። ኖራው በዚያው ሳምንት በውሃ ታጠበ።

የመምሬ በቅሎ በውል ሄደች። ዛሬ ጨነቅ ናት፣ ነገ ሳንቃበር ናት፤ ፈረንጅ በጎነበሰ ቁጥር ትቆማለች፣ በቆመች ቁጥር ገደል ያያሉ፣ ገደል ባዩ ቁጥር ይጽፋሉ። ከቦራ ይልቅ እሷ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት፤ ይህን ሳልቀና ነው የምናገረው። መምሬ ግን ቅዳሴ የሚሄዱት በእግራቸው ሆነ። አንድ እሑድ ጭቃ ለብሰው ከድር ሱቅ በር ላይ አገኘኋቸው።

"በል ልጄ፣ ይህን ዝና የማውረጃው ዘዴ ምንድን ነው?" ይሉታል።

"አይወርድም ብያችሁ ነበር እኮ፣ መምሬ።"

"ያን ጊዜማ የእትዬ ነበር፤ በደንብ አልሰማሁህም።"

ሰላም ብዬ አለፍሁ።

ከዚያ ወዲያ ተራው ተንቀሳቀሰ። እየዞረ እየዞረ መጣና አንድ ማለዳ አያ ዋሴ ግቢው መሐል ቆመው የእኔን ስም ጠሩ። ደሳለኝ በቅሎዋን አቀረበ። የመጣችው እንግዳ ገና ልጅ እግር ናት፤ ስለ ምንም ያነበበች አትመስልም። የበቅሎዋን ግንባር በእጇ ዳሰስ አደረገችና ስሟ ማን ነው ብላ በሲሳይ በኩል አስጠየቀች።

ደሳለኝ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ እኔ ዞሮ አየ። እኔ ኮርቻውን አጠብቅ ነበር፤ ቀና አላልሁም።

"ስም የላትም" አላት። "በቅሎ ናት።"